ቡሬ ላይ ያየሁት ልብ

አዲስ አበባ ውስጥ የልብ ሐኪም ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ከምዕራብ ጎጃም ወደ እኛ ሆስፒታል የሚመጡ ሕመምተኞች አንድ ነገር ያመሳስላቸው ነበር፤ ወጣቶች ናቸው፣ የሚደርሱትም ዘግይተው ነው። በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን ይታመማሉ፤ ከዚያ ጉልበትና ክርናቸውን ይቆረጥማቸዋል፤ ይሻላቸዋል፤ ነገሩ ይረሳል። ጉሮሮ ላይ የተጀመረው በሽታ ግን ልባቸው ውስጥ ገብቶ የልባቸውን በሮች ቀስ እያለ ሲበላ ይኖራል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ የሚቀረኝ ማስታገስ ብቻ ነው። «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ስላቸው መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ጥያቄዬ ራሴን አሳፈረኝ። የነበሩበትን ሄጄ ላየው ወሰንኩ። በትምህርት ቤቶች እየዞርኩ የልጆችን ልብ በአልትራሳውንድ የማይበት ጥናት ጀመርኩ።

የጥናቱን ውጤት ለሙያ ጓደኞቼ ጽፌዋለሁ። እዚህ የምጽፈው እዚያ ያልገባውን ነው።

ሰኞ፣ እስከ ፍኖተ ሰላም

ሾፌራችን ጋሽ ዘለቀ ናቸው፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ነገር የማያጣድፉ ሰው። መኪናው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። የልብ አልትራሳውንዱ የተማሪ ቦርሳ ያክላል፤ ከኋላ ልጭነው ብል ልቤ አልቆርጥ አለኝና በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ዘለቀ አየት አደረጉኝና «እናት መስለሻል» አሉኝ።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጎማ ፈነዳ። ጥቅምት ስለሆነ ደጋው ላይ ብርዱ አጥንት ይበላ ነበር፤ እታች ግን እንደ ምድጃ ይጋረፋል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሳንጠራው ቆሞ ጎማውን አብሮ ቀየረ፤ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሄደ። አዲስ አበባ ቢሆን ጥሩንባ ነፍቶብን ነበር የሚያልፈው። ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በቢጫ ጤፍና በቆመ በቆሎ መሀል ይሄዳል።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። መብራት ከሌለ መሣሪያዬ ባትሪ አይሞላም፤ ባትሪ ካልሞላ የነገ ሥራ የለም። የማደሪያው ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ሴትዮ፣ ጭንቀቴን ሰምተው ነጠላቸውን አጣፉና ከመንገዱ ማዶ ወደሚገኘው ወፍጮ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ባለ ወፍጮው ወደ ቤቱ ሊገባ ሲል ነው የደረስነው። «የልጆች ልብ የሚታይበት ነው» ሲሉት ያጠፋውን ጄኔሬተር መልሶ አስነሣው። ከውጭ አገር የመጣው ያ ውድ መሣሪያ ከበቆሎ ዱቄት መሀል፣ በነጭ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ባትሪውን ሞላ። ለነዳጁ ልክፈል ብል ሰውዬው ተቆጣ።

ማክሰኞ፣ ፍኖተ ሰላም

በከተማው ትምህርት ቤት ሥራ ጀመርን። ጥናቱ ልብን ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ከልማድ የልጆቹንም ጉሮሮ እያስከፈትኩ አያለሁ። የመጀመሪያው ልጅ «አ» ሲል እንጥል የለውም። አፈጣጠሩ ይሆናል አልኩ። ቀጥላ የመጣችው ልጅም የላትም። የሚቀጥለውም የለውም። የእጅ ባትሪዬን አጠጋሁና ዓይኔን አሸሁ። ከላንቃቸው መሀል የምትንጠለጠለው ያቺ ትንሽ ሥጋ ከሥሯ ተቆርጣለች።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበርና ጠየቅኳት።

«ጉሮሮው ሲያብጥ እንጥሉ ወርዶ ነዋ» አለችኝ፣ ይህን አለማወቄ ገርሟት። «ካልተቆረጠ ያንቃል። የሚያውቅ ሰው አለ፤ በአንድ ጊዜ ቅንጥስ ያደርገዋል።»

«በምን?»

«በወስፌ ወጋ አድርጎ ይይዝና በምላጭ።»

«ከዚያስ? ዳነ?»

«ዳነ እንጂ! አላለቀሰም እንኳ፤ ጀግና ነው።» የልጇን ራስ ዳበሰች። ልጁ በኩራት ፈገግ አለልኝ።

መሣሪያውን ደረቱ ላይ ሳደርግ ከልቡ በሮች አንዱ ደም ወደ ኋላ ሲያፈስ አየሁ። የጉሮሮው ሕመም ጠፍቷል፤ በሽታው ግን ቤቱን ቀይሯል። ለእናቱ ወር በወር የሚወጋ መርፌ እንደሚያስፈልገው፣ ያም ልቡን እንደሚጠብቅለት አስረዳኋት። «ደህና አይደል እንዴ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስለዚህ በሽታ አስተምሬያለሁ፤ ምላጩ መኖሩን በመጽሐፍ አንብቤያለሁ። ማንበብና ያንን ባዶ ላንቃ በተርታ ማየት ግን ሌላ ሌላ ነው። ማታ ማደሪያው ውስጥ ሴትዮዋ ያቀረቡልኝን ሽሮ መዋጥ አቃተኝ። «ምግቤ አልጣመሽም?» ብለው ሲከፉ፣ እንዳይቀየሙኝ ስል ብቻ በላሁ።

ረቡዕ፣ ቡሬ

ቡሬ የገባነው እያስነጠስን ነው። የበርበሬ ገበያ ነበር። መንገዱ ዳርና ዳር ቀይ ክምር፤ እህል የጫኑ መኪኖች፣ ባጃጆች፣ ወደ ነቀምት የሚሄዱ መንገደኞች። ጋሽ ዘለቀ መስኮቱን ዘግተው «በዚህ አገር ሰው ሳያለቅስ አይገባም» አሉ። ያደርንበት አልጋ ቤት ንጹሕ ነበር፤ አዲስ አበባ ከለመድኩት ጩኸት ይልቅ የአህዮች ኮቴ ነው የቀሰቀሰኝ።

ሐሙስ፣ ከቡሬ ወዲያ

ገጠር ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ስንሄድ መኪናችን ረግረግ ውስጥ ሰጠመ። አጨዳ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው መጡ፤ በሬዎች አምጥተው ሞከሩ፤ በሬዎቹ ጎተቱ፣ መኪናው አልነቃነቅ አለ። ጋሽ ዘለቀ እዚያው ቀሩ። እኔ መሣሪያዬን ታቅፌ የቀረውን መንገድ በእግሬ ተጓዝኩ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀበለችኝ መምህርት የሺወርቅ ናት። ሳቂታ፣ ፊቷ ቀይ፣ ሆዷ ገፋ ያለ። ባሏ ጌትነት የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ነው፤ የምኖረው ከወላጆቹ ጋር ነው አለችኝ። እኔም የማድረው እነሱ ዘንድ እንዲሆን ተዘጋጅቷል።

ከሴቶቹ ልጆች ጀመርን። የመማሪያ ክፍሉን በአንሶላ ጋርደን፣ አግዳሚ ወንበሮች ገጥመን አልጋ ሠራን። ግን አንዲት ልጅ እንኳ ወደ ጋረድነው አልጠጋ አለች። መሣሪያው ልብ ይመጥጣል የሚል ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል።

የሺወርቅ ሳቀች። «እኔ ልቅደምላችሁ። ልቤን ከወሰደችው እናንተ ትሸሻላችሁ» አለቻቸውና ከአንሶላው ኋላ ገብታ ጋደም አለች። ሲሸሹ የነበሩት ልጆች አንገታቸውን አስግገው ሊያዩ ተጠጉ። ነጠላዋን ደረቷ ላይ አልብሼ ከሥሩ መሣሪያውን አሳረፍኩ።

«ይኸውላችሁ፣ ይህ የሚንቀሳቀሰው የቲቸር ልብ…»

ሥዕሉን አቁሜ ደግሜ አየሁት። ከሳምባ የሚመጣው ደም የሚያልፍበት በር መከፈት አቅቶት እንደ ታመቀ ከረጢት ተወጥሯል። መሀሉ ላይ የቀረችው ቀዳዳ ጠባብ ናት። ከበሩ በላይ ያለው የልቧ ክፍል መውጫ ያጣ ደም አስፍቶት ተለጥጧል። ይህን ሥዕል ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ የማየው በሽተኛ ነኝ ብሎ በመጣ ሰው ላይ ነው። ይህች ሴት ልጆች እንዳይፈሩ ብላ ነው የተኛችው።

«አያችሁ? አላመመኝም!» አለች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ሌላ ምን ላድርግ? የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ አየሁ።

በምሳ ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«የሺ፣ ሌሊት እንዴት ነው የምትተኚው?»

«አሁን አሁን ቁጭ ብዬ ነው። ስጋደም ያፍነኛል። እርግዝና ነው ይሉኛል።»

«ልጅ ሆነሽ መገጣጠሚያሽን አሞሽ ያውቃል?»

«እንዴት አወቁ? ጉልበቴን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴን። እናቴ ቅቤ ስታሸኝ ከረመች፤ ጠበልም ገባሁ፤ ለቀቀኝ።»

ያየሁትን ነገርኳት። በሩ ጠባብ መሆኑን፣ በእርግዝና ደም ስለሚበዛ ልቧ እየተጨናነቀ መሆኑን፣ ምጥ ሲመጣና ልጁ እንደወጣ ደሙ ወደ ሳምባ ሊመለስ እንደሚችል። ለስላሳ ቃል ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አይደለም። «ልጁስ?»

«አንቺ ከዳንሽ ይድናል። ግን መውለድ ያለብሽ ልብ ሐኪም ባለበት ቦታ ነው።»

እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «እሁድ ወደ እናቴ ቤት ሊወስዱኝ ነው፤ ከሊበን ወዲያ። በቅሎዋ ተቀልባ ተዘጋጅታለች።»

የምትወስዳት በቅሎ ሙሉ ቀን የምትሄድበት፣ ሐኪም ቀርቶ መኪና የማይደርስበት መንደር ነው። አንድ ሳምንት ዘግይቼ ብመጣ ኖሮ ይህችን ሴት አላገኛትም ነበር።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤታቸው ሄድን። የባሏ አባት አያ በላቸው ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ደጃፍ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ሚስታቸው እትዬ ዘነቡ የአዊ ተወላጅ ናቸው፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲነጋገሩ በአገውኛ ነው። አልጋቸውን ለቀውልኛል። የዳጉሳ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበ፤ ለእኔ ብቻ ደግሞ ከነሰፈፉ ማር። አዲስ አበባ ውስጥ ማር እገዛለሁ፤ ይኸኛው ግን ሌላ ነገር ነው። እንደዚያ የሚያጎርስ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ነገር መናገር ጨነቀኝ። እህሉ ሲነሣ ተናገርኩ።

አያ በላቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ቃልዎን አንንቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ። ይህን ብናፈርስ የልጅቱ ወገን ‹ልጃችንን ናቋት› ይላል። ደግሞም ይዩዋት እስቲ፤ ትሥቃለች፣ ትሠራለች። ይህች ናት በሽተኛ?»

«አያ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ፤ ከከተማ ሰው ያልጠበቁት ይመስላል። ጌትነት የሚስቱን እጅ ይዞ ተቀምጧል።

ያኔ እትዬ ዘነቡ ለባላቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። አያ በላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ቀጠሉ።

«ልጄ፣ እኔ ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ የዚህ ታላቅ። እሷም ሦስት ትራስ ደርባ፣ በኋላም ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትተኛ። ‹ባል ቤት አኮራት› ብዬ ስቄባታለሁ። እዚችው ጓዳ ወለደች። ልጁ ወጣ፣ እልል አልን። ወዲያው ትንፋሽ አጠራት። አፏን ሞልቶ አረፋ ወጣ፤ ሮዝ አረፋ። ቡዳ ነው ብለን አጨስንባት። ጭሱ ውስጥ ሞተች። ልጁም ተከተላት።»

እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። ሮዝ አረፋ! በሽታውን ለተማሪዎቼ ሳስተምር የምጠቀምበት ቃል ነው፤ ሳምባ ውስጥ የገባ ውሃ ከደም ጋር ሲቀላቀል የሚያመጣው። እዚያ ጓዳ ውስጥ የሞተችው ሴት ምን እንደነበረባት ላውቀው ችያለሁ፤ ማንም አልነገራቸውም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ እትዬ ዘነቡ። «እስቲ አትደብቂኝ። ያቺም ይኸው ነው የነበረባት?»

ሐኪም ያላየውን አይመረምርም። ግን በዚያ ዓይን ፊት መዋሸት አልቻልኩም። «ይመስለኛል፣ እትዬ።»

«ሰው ቢያውቅላት ትድን ነበር?»

«ልትድን ትችል ነበር።»

አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና ተነሡ። «እንግዲህ ይህችን አላስቀብርም። እኔው ራሴ ተከትያት እሄዳለሁ። ለእናቷም ወገን እኔ እመልሳለሁ።»

አያ በላቸው ለልጃቸው «በቅሎዋን ጫን» አሉት። ሁላችንም ደንግጠን አየናቸው። «ሚስትህን አይደለም። አንተ ሂድባት። ለአማትህ ንገራት። በሰው አፍ ከምትሰማ ከአንተ ትስማ።»

ዓርብ፣ በቃሬዛ

መኪናው ከረግረጉ ወጥቷል፤ ግን እስከ ቤቱ ድረስ አይደርስም። የየሺወርቅ ልብ ያን ያህል እንድትራመድ አይፈቅድላትም። የእድሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ ማንም አልጠራቸውም፣ ወሬው ጠራቸው። ቁጭ ብላ እንድትሄድ ጀርባዋን በጭድ ጆንያ ደገፍንላትና ተሸከሟት።

መንገድ ላይ የሚያገኙን ሰዎች ቃሬዛውን ሲያዩ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፤ አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ። የሺወርቅ ከላይ ሆና «እንዴት አደራችሁ!» አለች። አሮጊቷ በድንጋጤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ተሸካሚዎቹ በሣቅ ፈነዱ፤ እሷም ሣቀች፤ ከዚያ ሣቁ ሳል ሆነባት፤ ሳሉም አልቆም አለ። ያኔ የሁሉም ፊት ተለወጠ። እርምጃቸው ፈጠነ።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። የልብ መሣሪያ የለውም፤ ግን ሳምባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ የሚያወጣ መድኃኒት ነበረው፤ ልቧን የሚያዘገይ ክኒንም ከከተማው መድኃኒት ቤት አገኘን። በማግስቱ ቅዳሜን እዚያው አረፍን። የማደሪያዬ ባለቤት ለእትዬ ዘነቡ ሾርባ ይዘው መጥተው አጠገባቸው ዋሉ፤ ሁለቱ ዝምድና ቆጥረው ተገናኙ።

እሁድ፣ ዓባይ

ኦክስጅን ሲሊንደር ተበድረን ተነሣን። እትዬ ዘነቡ ከቡሬ ገበያ አልፈው አያውቁም ነበር። ደጀን ላይ ሸለቆው ሲከፈት «ይህን ሁሉ ወርደን ደግሞ ልንወጣው ነው?» አሉና አማተቡ።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል። ከፊታችን ረጅም የመኪና ሰልፍ። ሙቀቱ የሚያቃጥል። የየሺወርቅ ከንፈር ይጠቁር ጀመር፤ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ሆነ። ሲሊንደሩን ከፈትኩ፤ መርፌ ወጋኋት፤ የሲሊንደሩ መለኪያ ግን ሲወርድ አያለሁ። ሆስፒታሌ ውስጥ ብሆን በአንድ ጥሪ ሙሉ ክፍል ሰው ይመጣልኛል። እዚያ ግን እኔ፣ ሾፌሩና አንዲት አማት ነን።

ጋሽ ዘለቀ፣ እኒያ የማይጣደፉ ሰው፣ ከመኪናው ወርደው በሰልፉ መሀል እየሮጡ ጮኹ፦ «ነፍሰ ጡር ሴት ልትሞት ነው! የወገን ያለህ!» ከአውቶቡሶቹ ወንዱ ሁሉ ወረደ። የተገለበጠውን መኪና ጭነት፣ ጤፉን ኩንታል በኩንታል፣ በጀርባቸው አወረዱ። አንዲት መነኩሲት ጃንጥላቸውን በመስኮታችን ላይ ዘርግተው ፀሐዩን ከለከሉላት። መኪናውን ወደ ጠርዙ ገፉት፤ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ተገኘ። መጀመሪያ ያለፍነው እኛ ነበርን። ማንም ተራዬን ወሰዳችሁ አላለም።

ጎሃ ጽዮን ላይ ቀዝቃዛው አየር ሲመታት ዓይኗን ገለጠች። እትዬ ዘነቡ እግሯን ታቅፈው ነበር፤ አልለቀቁትም።

ከዚያ በኋላ

የሺወርቅ በእኛ ሆስፒታል ተኝታ ቆየች። የወለደችው አንድ ቀን ከምሳ በፊት ነው፤ ሴት ልጅ። እንደፈራሁት ወዲያው ሳምባዋ ሞላ። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ መሣሪያና መድኃኒቱም ተዘጋጅቶ ነበር። እስኪመሽ ታገልን፤ ሲመሽ መተንፈስ ጀመረች። ወጥቼ ለእትዬ ዘነቡ «ሁለቱም በሕይወት አሉ» አልኳቸው። እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሡም።

ከወራት በኋላ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ሲደርሱ ከእነሱ ጋር ሆነን የጠበበውን በር በደም ሥር በሚገባ ፊኛ ከፈትነው። ባሏና አያ በላቸው መጥተው ወሰዷት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። የሺወርቅ ናት፤ ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ዶክተር፣ አንዲት ተማሪዬ ጉሮሮዋን አሟት እናቷ እንጥሏን ልታስቆርጣት ነበር፤ ከእጇ ነጥቄ ጤና ጣቢያ እየወሰድኳት ነው። ልብ የሚጠብቀው መርፌ አለን ብለውኛል። እትዬም ከኋላ እየመጡ ነው፤ እናትየዋን እየተቆጧት። ዳገቱ ላይ ስለሆንኩ መስመሩ ቢቆራረጥ እንዳይደነግጡ፤ እመለስና እደውላለሁ…»

አወራች፣ አወራች፤ መስመሩ ጠፋ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ነው ያስተዋልኩት፦ ያን ሁሉ ስትነግረኝ፣ ዳገት እየወጣች፣ አንዴም ትንፋሽ ለመውሰድ አልቆመችም።